ምዋቲማ ጣሪያ ላይ የወጣች ዕለት

ምዋቲማ ማካሜ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ የዛንዚባር ባሕር በሸሸ ቁጥር እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ የባሕር አረም ስትተክልና ስትለቅም የኖረች ሴት ናት። ፊደል አልቆጠረችም። የመንደሩ ሽማግሌዎች የፀሐይ መብራት ሥራ እንድትማር ሲመርጧት ከተማ እንኳ ያየችው ሁለቴ ብቻ ነበር።

ትምህርቱ ሩቅ መንደር ነው፤ አምስት ወር ይፈጃል። አማቷ ደስ አላላቸውም። "የሰው ሚስት አምስት ወር ውጭ አድራ ስትመጣ ምን ልትባል ነው?" አሉ።

ባሏ ሐጂ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ቃል አያበዛም። መረቡን እየጠገነ "እማ፣ እኔስ ባሕር ላይ ስከርም ማን ምን አለኝ?" አላቸው። በነጋታው ዕቃዋን ተሸክሞ እስከ መኪናው ሸኛት።

መጀመሪያ ሰሞን እንባዋ አልደረቀም። ማንበብ ስለማትችል ሽቦውን በቀለሙ፣ ዕቃውን በመልኩ ለየች። የብየዳው ብረት ጣቶቿን ለበለባት። በሦስተኛው ወር በእጇ የሠራችው መብራት በራ። ለሐጂ ደውላ "በራ" አለችው። እሱም "እኔ ሩዙን አሁንም እያሳረርኩት ነው" አላት። ያን ቀን ከልቧ ሳቀች።

ተመልሳ የመብራቱን የፀሐይ ሰሌዳ ጣሪያ ላይ መትከል የጀመረችው ከመንደሩ አዋላጅ ከወይዘሮ ፓቲማ ቤት ነው። ሴት ጣሪያ ስትወጣ ታይቶ አያውቅምና ወንዶቹ ሊያዩ ተሰበሰቡ። አንዱ "ሐጂ፣ ሚስትህ ኮኮናት ልታወርድልን ነው እንዴ?" አለ። ምዋቲማ አንድ እግሯን መሰላሉ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ረጅሙ ቀሚሷ አላስወጣ አላት፤ ከታች ደግሞ ያ ሁሉ ዓይን።

ሐጂ ወደ ቤቱ አቀና። አፍሮብኝ ሄደ ብላ እግሯን ከመሰላሉ አወረደች። ሲመለስ ግን ለዒድ ብቻ የሚለብሳትን ሱሪ ይዞ ነበር።

"ከቀሚሱ ሥር አድርጊያት" አላት ቀስ ብሎ፤ "ወገቧ ከሰፋሽ በገመድ እሰሪያት።"

ገብታ ለብሳ ወጣች። እሱ መሰላሉን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊቱን ወደ ወንዶቹ አዞረ። እሷም ሰሌዳውን ይዛ ጣሪያው ላይ ወጣች። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ፓቲማ በአዲሱ መብራት፣ ያለ ኩራዝ ጭስ መንታ አዋለዱ።

ዛሬ የተበላሸ መብራት ይዞ የሚመጣ ሰው ደጃፏ ላይ መጀመሪያ የሚያገኘው አማቷን ነው። "ልጄ ምሳ እየበላች ነው" ይሉታል፤ "አረፍ በልና ጠብቅ።"