አከራያችን አየር ላይ

የኢንተርኔት ሬዲዮ ልንከፍት ነው ስንል ቤተሰቦቻችን የጠየቁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ማን ይከፍላችኋል?» እኔና ጓደኛዬ ጥያቄውን እንደ ምቀኝነት ቆጠርነው። እሱ አየር ጤና ሰፈር ኮምፒውተር እየጠገነ ይኖራል። እኔ የሠርግ መድረክ ከመምራት ሌላ መተዳደሪያ አልነበረኝም፤ ግን ድምፅህ ያምራል እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ድምፁ ያማረ ሰው ሬዲዮ ያስፈልገዋል፤ ሬዲዮ ደግሞ ቤት ያስፈልገዋል። ቤቱን ቤቴል ሰፈር አገኘነው።

ነጋዴ የነበሩ የአንዲት እናት ሰርቪስ ክፍል ነው። እትዬ እንላቸዋለን። በልጅነታቸው ከሆሳዕና መጥተው፣ መርካቶ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው፣ ግቢውን በላባቸው የሠሩ ሴት ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን፣ ረቡዕ ከሴቶች ጸሎት የማይቀሩ ጴንጤ ናቸው፤ ሲዘምሩ ጎረቤት በሙሉ ይሰማል፣ ሲቆጡም እንደዚያው።

«ስንት ሆናችሁ ልትኖሩበት ነው?» አሉን መጀመሪያ ቀን።

«አንኖርበትም እትዬ፤ ሬዲዮ ጣቢያ ልናደርገው ነው።»

ቀና ብለው ጣሪያቸውን አዩ። «አንቴናውን እዚህ ላይ ልታቆሙ?»

«አንቴና የለውም። በኢንተርኔት ነው።»

«አንቴና ከሌለው ምኑን ሬዲዮ ሆነ!» አሉና ቁልፉን ሰጡን። ቅድሚያ ክፍያውን ግን ከቁልፉ በፊት ነው የተቀበሉት።

ጣቢያው ተጀመረ፤ ወጪውም አብሮ ተጀመረ። ኪራይ አለ፣ ኢንተርኔት አለ፣ መብራት አለ። ስርጭታችንን የሚያደርስልን የውጭ ድርጅት ደግሞ ብር የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚፈልገው ዶላር ነው። ዶላሩን የምትከፍልልን ዱባይ የምትሠራው የጓደኛዬ እህት ነበረች፤ በየወሩ «ይሄ የመጨረሻዬ ነው» እያለች። ስለዚህ ከረባት አስሬ ማስታወቂያ ፍለጋ ወጣሁ። ዓለም ባንክ ሰፈር ዋናው መንገድ ላይ ፍራሽ የሚሸጥ አንድ ሰውዬ ብቻ ወንበር ሰጥቶ አናገረኝ።

«በስንት ሜጋኸርዝ ነው?» አለኝ።

«በስልክዎ ነው የሚሰሙት። በኢንተርኔት።»

ስልኩን አውጥቶ አየው። «እንግዲህ የራሴን ማስታወቂያ ለመስማት ካርድ እሞላለሁ ማለት ነው?»

ከረባቴን ፈታ አደረግሁ። አዘነልኝ መሰለኝ፣ ከመጋዘኑ ተቆራርጦ የተረፈ ስፖንጅ አሸክሞ ላከኝ። የመጀመሪያ የማስታወቂያ ገቢያችን ይኼው ነው። ስፖንጁን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው፤ ድምፃችን እንደ መስተዋት ጠራ። የሚሰማን ሰው ግን አልጨመረም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በቀጥታ ስርጭት ላይ ሆኜ ስለ ፍቅር እያወራሁ ነበር። እትዬ ሳያንኳኩ ገቡ።

«ልጆች፣ በኋላ አልሰማንም እንዳትሉኝ! ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራይ እጨምራለሁ። ውሃውንም አበዛችሁት። ሬዲዮ ውሃ ይጠጣል እንዴ?»

ጓደኛዬ በእጁም በዓይኑም ምልክት ቢሰጣቸው ጭራሽ ባሰባቸው። ስለ ውሃው ጨርሰው ስለ መብራቱ፣ ከዚያም ሳይዘጋ ስላደረው የግቢ በር ቀጠሉ። ማይኩን ለማጥፋት እጄን ስዘረጋ ስልኬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወር ሙሉ አንድ መልእክት ያልደረሰው ስልክ! «ሴትዮዋ ይቀጥሉ!» ይላል አንዱ። ሌላው፣ «የኔ አከራይ ድምፅዋን ቀይራ ሬዲዮ ገባች እንዴ?»

እንዲህ ሆኖ የቅዳሜው ፕሮግራማችን ተወለደ። እሳቸው ለአከራዮች፣ እኔ ለተከራዮች ጠበቃ ሆነን እንከራከራለን። እትዬ እሺ ያሉት በእሳቸው ሰዓት ዘፈን እንዳይለቀቅ ቃል ካስገቡን በኋላ ነው። አድማጮች ቅሬታቸውን በድምፅ ይልካሉ፤ እሳቸው ያለ ርኅራኄ ይፈርዳሉ። አንድ የሳንሱሲ ሰፈር ተከራይ፣ «ሥራ አምሽቼ ስመጣ አከራዬ በር አትከፍትልኝም» ብሎ ቢያለቅስ፣

«ሥራ ያለው ሰው ቁልፍ ያስቀርጻል!» አሉት።

ተከራይ ሁሉ ተናደደ። የተናደደ ሰው ደግሞ ቅዳሜን አይረሳም፤ ጓደኞቹንም ይጠራል። የፍራሽ ነጋዴው ራሱ ቤቴል ድረስ መጣ። ማስታወቂያው በእትዬ ሰዓት እንዲነገርለት ፈልጎ፣ በዚህ ጊዜ ጥሬ ብር ይዞ ነው።

«በኔ ሰዓትስ?» አልኩት።

«ላንተ ስፖንጁ ይበቃሃል» አለኝ።

የኪራይ ጭማሪው ነገር ግን አልተረሳም ነበር። ወሩ ሊያልቅ ሲል በአንድ ቅዳሜ፣ ድንገት ስለተጨመረባት ኪራይ አንዲት ሴት ቅሬታ ላከች። እትዬ የሲሚንቶውን ዋጋ፣ የቆርቆሮውን ዋጋ ደርድረው አከራይዋን ነፃ አወጧት። እኔን ምን እንደነካኝ እንጃ፣

«እትዬ፣ እርስዎስ የኛን ሊጨምሩ አይደል?» አልኩ።

  ጓደኛዬ ጭንቅላቱን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። በኋላ እትዬ ሳቃቸውን ለቀቁት።

«ይሄ ልጅ በገዛ ቤቴ ከሰሰኝ! እሺ፣ በሰው ፊት እናገራለሁ። የእነዚህን ልጆች ኪራይ አልጨምርም።»

መልእክቱ እንደ ዝናብ ወረደ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የከተማውን ተከራይ ሁሉ ነፃ ያወጣሁ ነበር የመሰለኝ። ስርጭቱ እንዳበቃ እትዬ ማዳመጫውን በቀስታ አውልቀው ወደ እኔ ዞሩ።

«ጥሩ ጠየቅኸኝ፣ ልጄ። አሁን እኔ ልጠይቅህ። የዚህ ፕሮግራም ደሞዜስ?»

የፈለጉትን ነገሩኝ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ልክ ጭማሪው ነው!»

«ጭማሪ አይደለም፣ ደሞዝ ነው። ጭማሪ ክፉ ነገር ነው ያልከው አንተው አይደለህ?»

ከፈልን፤ አሁንም እየከፈልን ነው። ከነጋዴው የሚመጣው ብር ለእሳቸውና ለኢንተርኔቱ ይበቃል፤ የዱባይዋ እህትም አርፋለች። ለኔና ለጓደኛዬ የሚተርፍ ነገር የለም። እሱ ኮምፒውተሩን ይጠግናል፣ እኔ ሙሽሮቹን አስገባለሁ። ጣቢያው የማን ነው ብሎ የሚጠይቀን ቢኖር ግን ለመመለስ እንቸገራለን።

ባለፈው ቅዳሜ እትዬን ጉንፋንና ሳል ጣላቸውና ብቻዬን ስርጭት ገባሁ። ያን የሚያምር ድምፄን ሰምቶ ያመሰገነ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም «እትዬ የት ሄዱ?» ብቻ ነው። ከመልእክቶቹ አንዱን ስልኬ ላይ ይዤ ግቢውን አቋርጬ ሄድኩና አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አሰማኋቸው። የአንዲት ወጣት ድምፅ ነው።

«እትዬ፣ በእርስዎ ያልተናደድኩበት ቅዳሜ የለም። ዛሬ ግን ሲጠፉ ቤቱ ጭር አለብኝ። ዝንጅብል በማር ይጠጡ እሺ?»

ድገመው አሉኝ፤ ደገምኩት። በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረግ አድርገው፣ «መልሴን ቅዳልኝ» አሉ። ስልኩን አፋቸው ጋር ያዝኩላቸው።

«እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ የኔ ልጅ። አንቺም ናፍቀሽኛል። ኪራይሽን ግን በጊዜው ክፈዪ።»

ድምፃቸውን ከነሳሉ፣ ምንም ሳልቆርጥ አየር ላይ አዋልኩት።