የውሃ አባቱ ጥላ

ሥራነሽ ልብስ ሰፊ ናት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከመሃል ከተማው ከፍ ብሎ ባለ ሰፈር፣ በመንገድ ዳር ክፍሏ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ድሮ ብርሃን ይሻላል ብላ መስፊያ መኪናዋን ወደ መስኮቱ ነበር የምታዞረው። አሁን ፊቷ ወደ ግቢው በር ነው። ወደ በሩ ያዞሯት አባቷ ናቸው።

አባቷ አቶ ይስማው ሰማንያን አልፈዋል። ከሉማሜ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ ሃያ ስድስት ዓመት የውሃ አባት ነበሩ። የውሃ አባት ማለት ገበሬው ከወንዝ ጠልፎ በቦይ የሚያወርደውን የመስኖ ውሃ በተራ የሚያከፋፍል ሰው ነው። ለአንዱ ይከፍታል፣ ለሌላው ይዘጋል፤ ቦይ ሲደፈን ያስጠርጋል፤ ያለ ተራው የከፈተውን ይቀጣል። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በበጋ ውሃው ሲያንስ ግን ወንድም ከወንድሙ ጋር ዶማ ይማዘዝበታል። ስለዚህ የሚመረጠው የማያዳላ ሰው ነው። እሳቸውን ሃያ ስድስት ጊዜ መርጠዋቸዋል።

ሕመሙ ስም በመርሳት ጀመረ፤ ቀጥሎ ምሳ መብላታቸውን መርሳት መጣ። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ሥራነሽ ወደ ቤቷ አመጣቻቸውና ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። እዚያ ያገኘቻት ነርስ ነገሩ የመርሳት በሽታ እንደሆነ ካስረዳቻት በኋላ አንድ ምክር ሰጠቻት።

«ወጥተው የመሄድ ነገር ይመጣል። ሲወጡ እንዲያው በከንቱ እንዳይመስልሽ፤ የሚፈልጉት ነገር አለ። መቼ እንደሚወጡ፣ በየት በኩል፣ ምን ሲሆን፣ ጻፊው።»

በባጃጅ ሲመለሱ አቶ ይስማው ሁሉን የሰሙ ይመስል የልጃቸውን እጅ ያዙ። «ሥራነሽ፣ በር እንዳትዘጊብኝ። ከብት አይደለሁም።»

«አልዘጋብዎትም አባዬ» አለች።

ባለፈው ጥር ግን ሁለት ጊዜ ጠፉ። አንዴ ውሃ ማስተላለፊያ ቱቦ ላይ ተቀምጠው ፖሊስ አገኛቸው፤ አንዴ ደግሞ ከማታውቃቸው ሰዎች አጥር ሥር፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሶ።

ይህን የሰማው ታላቅ ወንድሟ አወቀ በማግስቱ በሚኒባስ መጣ። አወቀ ዛሬም የአባቱን መሬት የሚያርስ ገበሬ ነው። ከጃኬቱ ኪስ አዲስ ጓጉንቸር አወጣና መቀሷ አጠገብ አስቀመጠው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ለበሩ ነው።»

«ወንድም ጋሼ፣ ቃል ሰጥቻቸዋለሁ።»

«መኪና ሲገጫቸው ቃልሽን ታነቢላቸዋለሽ? አንቺ ልጅ፣ እኔ ጠልቻቸው መሰለሽ?»

ተከራክረው ተከራክረው ተስማሙ። ጓጉንቸሩ ግድግዳው ላይ፣ ከሜትሯ ጎን ካለው ምስማር ይንጠለጠላል። አባታቸው ሦስተኛ ጊዜ ከጠፉ ግን ያለ ክርክር ወደ በሩ ይዛወራል።

ሥራነሽ የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበት ደብተር አላት፤ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ። ያን ደብተር ከኋላው ገልብጣ የአባቷን ልክ መውሰድ ጀመረች። «ሰኞ፤ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ተነሡ፤ በሩ ጋ ደረስኩባቸው። ማክሰኞ፤ ዘጠኝ ሰዓት፤ ዱላቸውን ፈለጉ። ረቡዕ፤ አልተነሡም። ሐሙስ፤ ዘጠኝ ከአምስት፤ ተነሡ።» ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ጻፈች።

ሰዓቱ ተቀራራቢ መሆኑን ለማየት ብዙ አልፈጀባትም። ያስቸገራት ያልተነሡባቸው ቀናት ጉዳይ ነበር። በእነዚያ ቀናት ምን ተለየ? ምግቡን አየች፤ ያው ነው። እንቅልፉን አየች፤ ያው ነው። ጾም ይሆን ብላ ቆጠረች፤ አይገጥምም። በመጨረሻ፣ ነገሩን ከደብተሩ ሳይሆን ከራሷ እጅ አገኘችው። ረቡዕ ዕለት የሸሚዝ ቁልፍ የተከለችው መብራት አብርታ ነበር። ቅዳሜም እንደዚሁ። በቀን መብራት የምታበራው ሰማዩ ሲጠቁር ነው። አባቷ በደመና ቀን አይወጡም!

በማግስቱ ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች። ሥራነሽ መኪናዋን አቁማ ጠበቀች። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ አቶ ይስማው ከመደባቸው ተነሡና ግቢው መሃል ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ቆሙ። የጥላቸው አናት ያረፈበትን ቦታ በዓይናቸው ያዙ። ከዚያ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገጣጠሙ ወደዚያው በጫማ ለኩ። «አንድ... ሁለት... ሦስት...» ሰባት ሲሉ ዱላቸውን አነሡ።

በልጅነቷ ስንት ጊዜ አይታዋለች! የእጅ ሰዓት ያልነበረው ገበሬ የውሃ ተራውን የሚለካው በጥላው ነው። ከቀትር በኋላ ጥላ ሰባት ጫማ ሲሞላ አንዱ ይዘጋል፣ ባለተራው ይከፍታል። ሕመሙ የልጆቻቸውን ስም ከአባቷ ወስዷል፤ ሰባቱን ጫማ ግን አልነካም። ስልኳን አንሥታ ደወለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ሰባት ጫማ ነው!»

«የማን ጫማ?»

«የአባዬ! ጥላቸው ሰባት ሲሞላ ነው የሚወጡት። ደመና ከሆነ ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ተራ የለም!»

«ቆይ እስቲ። ውሃ ሊከፍቱ ነው የሚወጡት?»

«አዎ!»

አወቀ «ብቻ በሩን አስተውይ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ በሆነ ቀን ሥራነሽ ከስምንት ተኩል ጀምሮ ሻይ ታቀርብላቸዋለች፣ የልብስ ቁልፍ በየቀለሙ ታስለያቸዋለች፣ ስለ ቦይ ታስወራቸዋለች። ደመና በሆነ ቀን ደግሞ ዘና ብላ ትሰፋለች። ለሦስት ሳምንት ሠራ። ሥራነሽ ልትኮራ ምንም አልቀራትም ነበር።

የመጋቢቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ ጀምሮ ጠቁሮ ዋለ። አወቀም ለገበያ ወደ ከተማ መጥቶ ስለነበር ወደ ማታ እደርሳለሁ ብሏታል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጎረቤቷ የብርጓል ቀሚስ ልትለካ ገባች። ሥራነሽ ስፒሉን በከንፈሯ ይዛ፣ በሩን በጀርባዋ አድርጋ ተንበረከከች። ዘርፉን ስፒል ሰክታ ሳትጨርስ ክፍሉ በድንገት ፏ ብሎ በራ።

ፀሐይ ወጥታ ነበር።

ዘወር ስትል በሩ ተከፍቷል። ዱላው የለም። ለጌሾው መኮትኮቻ የነበረው ትንሽ ዶማም የለም።

«አያ ይስማውን ነው የምትፈልጊው?» አለች የብርጓል። «እኔ ስገባ እንዲሁ ፀሐይ ብልጭ ብላ ነበር፤ ያኔ ሲወጡ አገኘኋቸው እኮ። ‹እንደምን ዋሉ› አልኳቸው፣ መረቁኝ።»

«ለምን አላስቆምሻቸውም?»

«ዶማ ይዞ ወደ ሥራው የሚሄድ ሽማግሌ ማን ያስቆማል? ምን አጠፉና?»

እውነቷን ነው። በዚህ አገር ትልቅ ሰው ወዴት ትሄዳለህ ተብሎ አይመረመርም፤ መንገድ ይለቀቅለታል። ሥራነሽ ደግሞ አባቷ ከመጡ ጀምሮ ስምንት ወር ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አሁን ነገረቻት። «አባዬ ታመዋል። ይረሳሉ። ቤታቸው ይጠፋቸዋል።»

የብርጓል ግማሹ ስፒል እንደተሰካ ቀሚሱን ሰበሰበች። «ይሄን ነው የደበቅሽን? እኛ እኮ ኮርታ ነው በሯን የማትከፍተው ብለን ስናማሽ ከረምን!» አለችና የሰፈሩን ሴቶች ወደ ወንዙ በኩል ልትልክ ሮጠች።

ሥራነሽ ደውላለት አወቀም ከገበያው ደረሰ።  ጓጉንቸሩን ከምስማሩ አነሣና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ባጃጅ አስቁሞ ወደ መናኸሪያ ሄደ።

ሥራነሽ በሩ ላይ ቀረች። ወዴት? ደብተሯ መቼ እንደሚወጡ ነግሯታል፤ ወዴት እንደሚሄዱ ግን አንድ ቀን አልጻፈችም፤ ሁልጊዜ በሩ ላይ ነዋ የምታስቀራቸው። ዓይኗ እግሯ ሥር ወዳለው ቦይ ሄደ። ከመስከረም ጀምሮ ፌስታልና ደለል ሞልቶት ደርቆ የኖረ ቦይ ነው። አሁን ግን ጭራሮና አቧራ በፊቱ እየገፋ፣ ድፍርስ ውሃ ቀስ እያለ እየወረደ ነው።

ዝናብ አልዘነበም። ላይ የከፈተ ሰው አለ ማለት ነው።

ቱቦው! የራሰው ሱሪ! ሁለቱም ጊዜ የተገኙት እዚሁ ቦይ ዳር ነበር፤ እሷም ፖሊሶቹም ግን የፈለጓቸው ወደ ታች፣ ወደ አስፋልቱ ነው። የውሃ አባት ወደ ታች አይሄድም። ወደ መክፈቻው ነው የሚወጣው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ውሃውን ሽቅብ ተከተለችው። በአጥር ሥር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጎን፣ በባሕር ዛፉ መሃል። ወደ ላይ በወጣች ቁጥር ውሃው ይበዛል።

አቶ ይስማው ቦዩ ከጅረቱ በሚገነጠልበት ቦታ ጭቃ ውስጥ ተንበርክከው ነበር። ያወጡት ፌስታል ዳር ላይ ተከምሯል።

«አባዬ! ወደ ቤት እንሂድ።»

«ተራ ጥዬ? አንቺ ማነሽ? ደምለው ከታች ውሃ እየጠበቀ ነው!»

የሉማሜው ገበሬ ደምለው ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሥራነሽ ይህን ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። አጠገባቸው ቆመች፤ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጠች፤ እየቆጠረች ለካች።

«አሥር ሞልቷል። የደምለው ተራ አልፏል።»

አቶ ይስማው በሰው ቃል ውሃ የሚያዞሩ አይደሉም። ተነሡና ራሳቸው ለኩ። «አሥር» አሉ። ትከሻቸው ዝቅ አለ፤ እፎይ እንዳለ ሰው። «እህ፣ ማን ይረከበኛል ታዲያ?»

«እኔ።»

ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ሴት የውሃ አባት አይቼ አላውቅ።»

«የውሃ እናት በሉኛ።»

ሳቁ። ዶማውን በሁለት እጃቸው አቀበሏት። «ለሰው እንዳታዳዪ» አሉና ዱላቸውን ይዘው ቀድመዋት ቁልቁል መንገድ ጀመሩ።

አወቀ በሩ ላይ፣ ጓጉንቸሩን ጨብጦ ቆሞ ነበር። አባቱ ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ ከኋላቸው ሥራነሽ ዶማ ተሸክማ፣ ከጎናቸው ውሃው አብሯቸው ሲወርድ አየ። አቶ ይስማው አጠገቡ ሲደርሱ ቆም ብለው አፈጠጡበት።

«አንተ ነህ ያለ ተራህ የከፈትከው። አልረሳሁም።»

አወቀ በአሥራ ሰባት ዓመቱ እውነትም ከፍቶ ነበር፤ አባቱም በሰው ፊት ቀጥተውታል። አሁን አምሳ አራት ዓመቱ ነው። ቢሆንም አንገቱን ደፋ። «አልደግምም አባዬ።» ወደ እህቱ ዞረና ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ከሩቅ ሲመጡ ሳያቸው የጠፉ ሰው አይመስሉም ነበር። ይሄን ጓጉንቸር ለጎተራዬ እወስደዋለሁ። አንቺ ግን እንዴት ልታደርጊ ነው?»

እንዴት እንደምታደርግ እሷም ገና እየሞከረች ነው። የአባቷን ስምና የራሷን ስልክ ቁጥር ኮታቸው አንገት ላይ በክር ጻፈችው። በሩ ላይ ሲከፈት የሚያቃጭል ቃጭል አሰረች። እሑድ በእድሩ ስብሰባ ተነሥታ ለሁሉም ተናገረች፤ ብቻቸውን ካያችኋቸው አትጎትቷቸው፣ ተራው የማን እንደሆነ ጠይቋቸውና አብራችሁ እየሄዳችሁ ደውሉልኝ። ፀሐይ ባለበት ቀን ደግሞ ሻዩን ትታ አብራቸው ቦዩን ትወጣለች፤ ጥላው አሥር ሲሞላ ትረከባቸዋለች። አንዳንድ ቀን አምነዋት ዶማውን ይሰጧታል። አንዳንድ ቀን ሌባ ይሏታል፤ ያን ቀን ዝም ብላ ዳር ላይ ትቀመጣለች። ክረምት ሲገባ ምን እንደሚሆን አታውቅም።

ትናንት ከሰዓት ሰማዩ ተከድኖ ነበር። ሥራነሽ ጨርቅ ዘርግታ ስትቆርጥ ከአጥሩ ማዶ የየብርጓል ድምፅ ተሰማ።

«ሥራነሽ! ኧረ አንቺ! ፀሐይዋ ልትገለጥ ነው!»

መቀሷን አስቀመጠችና ዶማውን አነሣች።