ትልቁ ሞተርና ዳገት ላይ የቀሩት ሽማግሌ

መካነ ሰላም ላይ ስለ ሞተር የሚያውቅ ሰው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ወደ እኔ ቤት ይልኳችኋል። ይህን የምለው ለመኩራራት ሳይሆን ሰው ሁሉ ስለሚለው ነው። ፊደል የቆጠርኩት ወፍጮ ቤት ውስጥ፣ ከዘይት ቆርቆሮና ከጆንያ ላይ ነው። ሞተር መፍታትና መግጠም ያስተማረኝም የለም፤ የወፍጮውን ሞተር ራሴ ፈታሁት፣ ራሴ መልሼ ገጠምኩት፣ አንዲት ብሎን እንኳ አልተረፈችኝም። ዛሬም ከረባት ያሰሩ ሰዎች መኪናቸው ሲያስቸግራቸው በሩን ከፍተው ያስደምጡኛል፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ በሽታውን እነግራቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ትልልቅ ሞተር ሳይክል የያዙ መንገደኞች በአስፋልቱ መጡና ከቤቴ ፊት ለፊት ሻይ ሊጠጡ ቆሙ። ሞተሮቹ ግራና ቀኝ ሻንጣ ተጭኖባቸዋል፤ መቀመጫቸው ሰፊ ነው። ጠጋ ብዬ አንዱን መሪ ስይዝ ባለቤቱ፣ የአዲስ አበባ ልጅ መሰለኝ፣ ደነገጠ።

«አባባ፣ ከባድ ነው፤ እንዳይወድቅብዎ።»

«ልጄ፣ እኔ የዚህን አባት ነድቼዋለሁ» አልኩት።

እውነቴን ነው። በወጣትነቴ መንገድ ሲሠሩ የነበሩ ፈረንጆች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ አንድ ትልቅ ሞተር ሳይክል ካምፑ ውስጥ ጥለው ነበር። ከእንግዲህ አይነሣም ተብሎ ዶሮ ሰፍሮበታል። ከካምፑ ጠባቂ በአንድ ሙክት ለወጥኩት። ክረምቱን ሙሉ ሳጸዳውና ሳስተካክለው ከረምኩ፤ መስከረም ሲጠባ አጓራ።

ትንሽ ሞተር እንደ ፍየል ነው፤ በየድንጋዩ ይዘላል። ትልቁ ግን አንዴ ከተነሣ ረጅም መንገድ ይወዳል። የጉጉፍቱ ደጋ ነፋስ ሲመታው ንቅንቅ አይልም። መኪና ውስጥ ሆነህ የማታገኘውን የታጨደ ገብስ ሽታ፣ የጠዋቱን ቁር፣ የገበያተኛውን ሰላምታ ሁሉ እየሰበሰብክ ትሄዳለህ።

በዚያ ዓመት ልቤ ወረኢሉ ነበር። ወፍጮ ልጠግን ሄጄ ዘነቡ የምትባል ልጅ አይቼ መጥቻለሁ። ግን አንድ የደጎሎ ባለከባድ መኪናም ሽማግሌ ልኮባታል። በእኔ በኩል ወረኢሉ ያሉት ሼህ ሰይድ ነገሩን ይዘውታል፤ ንግግር የሚከፍቱት ዋናው ሽማግሌ ግን የመካነ ሰላሙ አያ ደምሴ ናቸው። የዘነቡ አባት ጋሽ ወርቁ ታዲያ በድንገት ላኩብን፤ «ነገ እስከ ቀትር ካልመጡ ቃሌን ለደጎሎዎቹ እሰጣለሁ።»

አያ ደምሴን አውቶቡስ ያዞራቸዋል፤ ከበቅሎ በቀር ተቀምጠውም አያውቁም። ሞተሩን ዞረው አዩት።

«ይራገጣል?»

«እንደ አልጋ ነው፣ ይቀመጡ።»

«አልጋ አይሮጥም። በል እንግዲህ፣ አደራህን።»

ሊነጋጋ ሲል ተነሣን። ችግሩ፣ በቅሎ ላይ ያደገ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ወርዶ ነው የሚሳለመው። አቀስታ እስክንደርስ በየቤተ ክርስቲያኑ ትከሻዬን መታ እያደረጉ አስቆሙኝ።

«አያ ደምሴ፣ እዚሁ ላይ ሆነው ቢሳለሙስ? ቀትር ሊደርስብን ነው።»

«ለአንተ ሚስት ብዬ እግዜርን ተቀምጬ ሰላም ልበል?»

ካቤ አጠገብ ዳገት ላይ የበግ መንጋ መንገዱን ዘጋው፤ እኔም ቀስ አልኩ። ከላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። አያ ደምሴ የቆምኩላቸው መስሏቸው ወረዱ። ትንሽ ሞተር ቢሆን ያን ጊዜውኑ ባወቅኩ። የኔ ግን ሽማግሌ ቢወጣበት ቢወርድበት የማይሰማው ጀግና ነበር። በጎቹ ሲያልፉ ቀጠልኩ። ስለ ፒስተን እያስረዳኋቸው ወረኢሉ ገባሁ፤ ዝምታቸውን አድናቆት ነው ብዬ ነበር።

ሼህ ሰይድ ከተማው መግቢያ ላይ ይጠብቁናል።

«አያ ደምሴስ?»

«ይኸው» ብዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ያለው የታሰረው የጭኮ አገልግላቸው ብቻ ነው።

ሼህ ሰይድ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። «ወላሂ አንተስ! ሽማግሌ ይጣላል? ደጎሎዎቹ ገብተው ተቀምጠዋል እኮ!»

«እርስዎ ይጀምሩላቸው።»

«ያለ ዋናው ማን ይሰማኛል? ሂድ አምጣቸው። እኔ በዱዓ አቆያቸዋለሁ፤ ዱዓዬ ረጅም ነው።»

አያ ደምሴን መንገድ ላይ ሲራመዱ አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ።

«ተሳልሜ ቀና ስል የለህም። የኔ በቅሎ እንኳ ትጠብቃለች።»

«ይማሩኝ አያ ደምሴ።»

«ጭኮው አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያስ ንዳ።»

በቅቤ የታሸውን የገብስ ጭኮ እየቆረሱ፣ እኔም በጋቢያቸው ከወገቤ ጋር አስሬያቸው ደረስን። ቀትር አልፏል። ልጅ ጠያቂው ራሱ መታየት ነውር ስለሆነ ከጋሽ ወርቁ ደጅ ባሕር ዛፍ ሥር ተደበቅሁ። አያ ደምሴ መዋሸት አያውቁም፤ ለምን ዘገያችሁ ሲባሉ ሁሉንም ተናገሩ። የደጎሎዎቹ ሣቅ እስከ ዛፉ ድረስ ተሰማኝ። አለቀልኝ አልኩ።

«ና ውጣ ከዚያ!» አሉ ጋሽ ወርቁ ከደጅ። «ድምፁን አገር ሰምቶት መደበቅ ምንድን ነው?» ሞተሩን አዩ፣ እኔን አዩ። «ሽማግሌ የጣለ ሰው ልጄን እንዴት አድርጎ ይይዛታል?»

«የጣልኩትን ተመልሼ አምጥቻለሁ» አልኩ።

«እስቲ እኔንም ወስደህ መልሰኝ።»

ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። እንዳልጥላቸው በየመታጠፊያው «አለሁ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ሰው ከየደጁ ወጥቶ ይሥቃል። ከከተማ ወጥተን ሜዳው ላይ፣ የገብሱ ክምር ግራና ቀኝ ሲያልፍ፣ ዝም አሉ። ክው አልኩ። እጄን ወደ ኋላ ሰደድኩ፤ ጉልበታቸውን ነካሁ።

«አለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «አገሩን እያየሁ ነው። ቀጥል።»

ስንመለስ ልጃቸውን ጠሯት። «ዘነቡ፣ ምን ትያለሽ?»

ዘነቡ ከጓዳ ሳትወጣ፣ «አንቱን መልሶ አምጥቶ የለ?» አለች።

ጋሽ ወርቁ ደጎሎዎቹን በክብር አብልተው አጠጥተው ሸኟቸው። ቃላቸውን ለአያ ደምሴ ሰጡ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የኔ ሥራ ነው። ያለ አስተማሪ ሞተር ፈትቻለሁ። ዶሮ የሰፈረበትን ብረት አስነሥቻለሁ። ባለከባድ መኪና ቀድሜያለሁ። ዘነቡን ከኋላዬ አስቀምጬ ጉጉፍቱን በጉም ተሻግሬያለሁ፣ ደሴ አስገብቻታለሁ፣ ኩታበር ገበያ አድርሻታለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህም ሰው ጥዬ አላውቅም፤ ዳገት በመጣ ቁጥር ግራ እጄ ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል።

መንገደኞቹ ሞተራቸውን አስነሥተው ሲሄዱ እኔና ዘነቡ ቆመን ሸኘናቸው። ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጥኩት። ከዚያ ከአስፋልቱ ዳገቷን ይዘን ወደ ቤት መውጣት ጀመርን፤ እኔ ከፊት፣ እሷ ጉልበቷን ስለሚያማት ከኋላ። ሳላስበው እጄን ወደ ኋላ ሰደድኩ።

«አለሁ» አለች።