ለዶሮ የዳረግሁት ማሽላ

ዶሮ መሬት ስትጭር ሳይ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የዶሮ እንዳልሆነ ጠፍቶኝ አይደለም።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከባሌና ከእናቴ ጋር ድንበር ተሻግረን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባን። እናቴ ደክማ ስለነበር የስደተኞች ካምፕ ቀረች። እኔና ባሌ ዶካ ከምትባል ከተማ አጠገብ የሰው እርሻ ለማረም ሄድን፤ የምናገኘው ለሁለታችንም አይበቃም ነበር። የእርሻው ባለቤት ሱዳናዊ ከማሳው ጫፍ ቁራጭ መሬት ሰጠንና ማሽላ ዘራን። ማሽላው ሲደርስ መጥቼ እወስድሻለሁ ብዬ ለእናቴ ላክሁባት።

ማሽላው ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ትል ገባበት። ያን ሰሞን አንድ የእርሻ ባለሙያ የባለቤቱን ማሳ ሊያይ መጥቶ ወደ እኛም ጎራ አለ። ቅጠል ላይ ደንዝዞ የተቀመጠ ትል አሳየን። ጎኑ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል። እኔ የትሉ እንቁላል መስሎኝ ቀድሜ የምጨፈልቀው ይህንኑ ነበር። ሰውየው በአረብኛ፣ ባሌ እየተረጎመልኝ፣ እንቁላል አይደለም አለ። ትንኝ የምታህል ተርብ ትሉን ወግታ ሆዱ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ልጆቿም ከውስጥ በልተውት ይወጡና ያን ጥጥ ይሠራሉ። ከጥጡ የሚወጡት ተርቦች ደግሞ ሌላውን ትል ይወጋሉ። እንዲህ ያለውን ትል አትንኩት፣ ዶሮም ወፍም እንዳያገኘው ጠብቁት ብሎን ሄደ።

ባሌ አመነው። እኔ ተናደድሁ።

"ሰው የሚበላው ባጣበት ዓመት ትል እየቀለብሁ ተርብ ላሳድግ?" አልሁት።

ከአገሬ ይዤው የመጣሁትን ጥልፍ ቀሚስ በሦስት ዶሮ ለውጬ ማሽላው ውስጥ ለቀቅኋቸው።

ዶሮዎቹ ጠገቡ። የሚለቅሙት ግን ያንን ደንዛዛውን፣ ቅጠል ላይ በግላጭ ተቀምጦ የሚጠብቃቸውን ነበር፤ ከነጥጡ። ጤነኛው ትል ቀን ቀን የማሽላው እምብርት፣ ገና ያልተዘረጋው ለጋ ቅጠል ውስጥ ተሸጉጦ ስለሚውል የዶሮ አፍ አይደርስበትም። ይህ ሁሉ ዓይኔ እያየ ነው የሆነው። ግን ዶሮዎቹ እንቁላል ጣሉ፣ እኔም ትሉን ረሳሁት። እንቁላሉን እየቀቀልሁ በጭነት መኪና ተሳፋሪ እጅ ለእናቴ ላክሁ። እንቁላሉ ይቅርብኝ፣ እናንተ ዘንድ ልምጣ ብላ ላከችብኝ። ትንሽ ታገሺ አልኋት።

ዶሮዎቹ ያልደረሱበት ትል የእሳት ራት ሆኖ እንደገና ፈለፈለ። በዚህ ጊዜ የሚወጋው ተርብ አልነበረም። እምብርቱን በልቶ ጨረሰው፤ አገዳው ፍሬ ሳይዝ ባዶውን ቆመ። ከእኛ ማዶ የምታርስ አንዲት የትግራይ ሴት ዶሮም አልነበራት፣ ትልም አልለቀመች፤ ሰነፍ እያልሁ ሳማት ከርሜአለሁ። እሷ ማሽላዋን ሰበሰበች። ቃርሚያ እንድለቅም ጠራችኝና አንገቴን ደፍቼ ሄድሁ። ባሌ አንድ ቀን እንኳ ብዬሽ ነበር አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር ላይ ወደ ካምፑ ሄድሁ። እናቴ ጓዟን ጠቅልላ፣ በገመድ አስራ፣ ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጣለች።

"ማሽላው ደረሰ?" አለችኝ።

"ትንሽ ቀረው፣ እማዬ።"

እናቴ የገበሬ ልጅ ናት፣ የገበሬ ሚስት ሆናም ነው ያረጀችው። በጥር ማሳ ላይ የሚቆይ ማሽላ እንደሌለ ታውቃለች። ገመዱን ፈታች፣ ብርድ ልብሷን አወጣችና እንድቀመጥበት አነጠፈችልኝ።