ሽማግሌ ይዞ ፖሊስ ጣቢያ

ከስልክ መልእክት በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ደሴ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ነው ትምህርት ያቆምኩት፤ ሰው ፊት ስናገርም ድምፄ ይጠፋል። ሰሞኑን ግን፣ በስደት በምንኖርበት የፈረንጅ ከተማ፣ አልናብሩ ካለው መጋዘን ሥራ ውዬ ስመለስ፣ ሰፈራችን ስቶቭነር ባቡር ጣቢያ በር ላይ ፖሊሶች ሁለት ጥቁር ልጆችን ግድግዳ አስይዘው ሲፈትሹ አየሁ። አንደኛው ኪሱን እየገለበጠ ይስቃል። የፍርሃት ሳቅ ነው፤ አውቀዋለሁ። ወንድሜ ሰዒድም እንደዚያ ይስቅ ነበር።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሰዒድ በዓመት ያንሰኛል። ቅጠሉ ረግፎ መንገዱ የሚያንሸራትትበት ወቅት ነው። ከሌላ ሰፈር የመጡ ሰዎች አደባባያችን ላይ ቆመው “ጥቁሮችና እስላሞች ይውጡ” እያሉ ጮኹ። የሰፈሩ ወጣቶች ድንጋይ አነሡ። የሱቅ መስታወት ረገፈ፣ መኪና ነደደ። የጎማው ሽታ ከመጋረጃችን ለቀናት አልለቀቀም።

ከዚያ በኋላ የሚፈተሹት የእኛ ልጆች ብቻ ሆኑ። ሰዒድ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ እንኳ እጁን ወደ ላይ ያነሣል። በመጨረሻ ድንጋይ ሲወረውር ቪዲዮ ላይ የታየ አንድ ልጅ የሱን የመሰለ ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ ነበርና ለምርመራ ተጠራ።

ድንጋይ በተወረወረበት ምሽት ግን ሰዒድ ቤት ነበር። በማግስቱ የአባታችን ሰደቃ ስለነበር ከእኔ ጋር አንድ ከረጢት ሽንኩርት ሲልጥ፣ እንባውን በክንዱ ሲጠርግ አመሸ። እናታችን ሥራ ላይ ስለነበረች ከእኔ በቀር ያየው የለም።

ጋሽ ሁሴን የሚባሉ የታክሲ ሹፌር ጎረቤት አሉን፤ ወሎ እያሉ ደም የተቃቡ ሰዎችን ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው። ለሰዒድ ብለው መጡ።

“ነገ እኔ ይዤህ እገባለሁ። ዝቅ ብለህ ይቅርታ ትላለህ፣ ነገሩ ይበርዳል” አሉት።

“ምን አጥፍቼ?”

“አጠፋህ ማን አለህ? ይቅርታ ለሰላም ነው።”

“ጠበቃ በነፃ ይሰጣሉ አሉ፣ ጋሼ።”

“ጠበቃ የሚያቆም ያጠፋ ሰው ነው። አንተ ምን ያስፈራሃል?”

ሰዒድ ወደ እኔ አየ። እኔ የሻይ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመርኩ። ሽማግሌ ዝቅ ሲል የተቆጣው ሰው አፍሮ ሲያቅፍ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ልክ ናቸው ብዬ አምኜ ነበር።

በማግስቱ ሦስታችን ሄድን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አስተርጓሚው በስልክ ነው። ጋሽ ሁሴን ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሡ።

“ልጃችን ነው። ልጅ ያጠፋል። ስለ እሱ ይቅርታ እንጠይቃለን።”

ፖሊሱ ጽፎ ጨረሰና ወደ ሰዒድ ዞረ። “ድንጋዩን መወርወርህን አመንክ ማለት ነው?”

ጋሽ ሁሴን ፈገግ እንዳሉ ቆመው ቀሩ። በእሳቸው ደንብ ቀጥሎ የሚመጣው መተቃቀፍ ነበር። ሰዒድ ያ ክፉ ሳቁ መጣበት። ፖሊሱ ሳቁንም ጻፈው።

የመኖሪያ ፈቃዴን የሚያድሰው ፖሊስ ነው፤ አፌን ብከፍት የምባረር መሰለኝ። ቢሆንም ተነሣሁ።

“ኔይ!” አልኩ በእነሱ ቋንቋ፤ አይደለም ማለቴ ነው። “ከእኔ ጋር ሽንኩርት ይልጥ ነበር። ይቅርታው የአገራችን ደንብ ነው፤ ጥፋት ማመን አይደለም። ጠበቃ እንፈልጋለን።”

“ለምን እስካሁን አልተናገርሽም?”

“ማን ጠየቀኝ?”

ምርመራው ቆመ። ጠበቃዋ መጥታ ቪዲዮው በሙሉ ይታይ አለች፤ ልጁ ፊቱን ሲያዞር ሰዒድ አልነበረም። ለቀቁት። እኛን ይቅርታ ያለን ግን የለም።

እኔም ሽማግሌ አቋርጬ በመናገሬ አፍሬ ለሳምንታት ከጋሽ ሁሴን ተደበቅኩ። በዚያ ክረምት የሰፈሩ እናቶች ተሰብስበው፣ ፖሊስ ልጅ ሲያስቆም ምክንያቱን ይንገር ብለው ኮሙኑን፣ የከተማውን አስተዳደር፣ ወጠሩት። ፖሊሶቹም ለጥቂት ጊዜ መንገር ጀምረው ነበር። አሁን ደግሞ በሰፈራችን ያለ ምክንያት መፈተሽ ይፈቀድ የሚል ሐሳብ መጥቷል። መብት አንዴ ከተገኘ የሚቀመጥ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እሱም እየታደሰ ነው የሚኖረው።

ስለዚሁ ነገር ሐሙስ ስብሰባ አለ። ዛሬ ጠዋት ጋሽ ሁሴን ደወሉልኝ። “ጋሼ፣ እርስዎ ይናገሩልን እንጂ” አልኳቸው።

“ኔይ፣ ልጄ። እኔ ከተነሣሁ ይቅርታ እላቸዋለሁ። አንቺ ተነሺ።”