አዴ ጫልቱ ያጠቡት ብፌ

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገድ የዘጋ ሰሞን ነው። ሰበታ እህቴ ቤት ሁለት ቀን ከርሜ፣ በሦስተኛው ቀን ግማሹን በታክሲ ግማሹን በእግሬ ብዬ ቡራዩ ደረስኩ። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ገና ከአስፋልቱ አልለቀቀም። የግቢውን በር ገፋ ሳደርግ... ብፌዬ በረንዳው ላይ እንደ ክሊኒክ ቁም ሳጥን ነጭ ሆኖ ቆሟል።

አጠገቡ አከራዬ አዴ ጫልቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ጨርቅ ይዘው፣ በላብ ተጠምቀው ፈገግ ይሉልኛል።

ነገሩን ላስረዳችሁ። ያኔ ከተቀጠርኩበት የእንጨት ሥራ ቤት ወጥቼ በራሴ መሥራት ከጀመርኩ ወርም አልሞላኝም ነበር። ሂሩት የምትባል ሴት አዲስ አበባ ኬክ ቤት ልትከፍት ነበርና «ብፌው የአያት የቅድመ አያት ዕቃ እንዲመስል እፈልጋለሁ» ብላ አዘዘችኝ። የመጀመሪያ ደንበኛዬ ናት። ይሄን ካበላሸሁ አንገቴን ደፍቼ ወደ ድሮ አለቃዬ መመለሴ ነው።

ስለዚህ ተጠበብኩበት። ነጭ ቀለም ቀባሁት፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አደረግኩት፣ ከዚያ ላዩ ላይ ጥቁር ሰም አሸሁበት። ሰሙ ቅርጻ ቅርጹና ጥጋጥጉ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ትናንት የተቀባው ዕቃ ባንዴ ያረጃል። ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው የተማርኩት... እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ። እንዲደርቅ በረንዳው ላይ ትቼው የበሩን እጀታ ላመጣ ሰበታ ሄድኩ። መንገዱ ተዘጋ።

«አዴ... ምን አደረጉት?» አልኩ።

«አካም ጅርታ ልጄ! እንኳን በሰላም ገባህ። አይዞህ፣ ዕቃህ ተርፏል። የጎማውን ጭስ እኮ ጠጥቶ፣ ጥጉ ሁሉ ጠቁሮ ነበር። በውሃ እምቢ ሲለኝ በነጭ ጋዝ ሁለት ቀን ፈተግኩት!»

ተቀመጥኩ። መሬት ላይ ነው የተቀመጥኩት።

እንዴት ይነገራቸዋል? ስልክ በጮኸ ቁጥር ሁላችንም በምንደነግጥበት፣ የወጣ ልጅ እስኪገባ ማንም እህል በማይቀምስበት ሰሞን፣ እኚህ ሴት ቁጭ ብለው የተከራይ ዕቃ ሲያጥቡ ከርመዋል። እጃቸውን መሳም ነው ያማረኝ። ግን ደግሞ ሂሩት መንገድ ላይ ሳለሁ ደውላልኛለች፤ በአዲስ አበባ በኩል መንገዱ ተከፍቷልና ነገ ጠዋት መኪና ይዛ ትመጣለች። ምርጫ የለኝም፣ ነገርኳቸው።

«ጥቁሩን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ አዴ። አሮጌ እንዲመስል ብዬ።»

«አዲሱ ዕቃ?»

«አዎ።»

«ወይ ጉድ! እኛ አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል ስንፈትግ ዕድሜያችን አለቀ... አንተ አዲሱን ለማስረጀት ትማራለህ?»

ከዚያ ግን ገባቸው። ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። «ወይኔ ልጄን! ሥራህን ነው ያጠብኩብህ!» ዓይናቸው እንባ ሞላ። ጣሳው ውስጥ የቀረ ሰም የለም፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው።

ባለቤታቸው ኦቦ ደበላ እስከዚያ ድረስ ከጥግ ተቀምጠው ነበር የሚያዩን። «ሰም ነው የጠፋው?» አሉና ተነሱ። ከጓሮ ቀፎ አላቸው። ከጓዳ ጭንቅላት የሚያክል ሰፈፍ ይዘው ወጡ። አዴ ጫልቱ ከድስቱ ቂጥ ጥላሸት ፋቁልኝ። ሰፈፉን የፈላ ውሃ ላይ አቅልጬ፣ ከእሳቱ ራቅ አድርጌ ጥላሸቱንና ትንሽ ነጭ ጋዝ ቀላቀልኩበት። የጫማ ቀለም መሰለ።

እንደ ቪዲዮው ከላይ እስከ ታች እኩል ማሸት ጀመርኩ። አዴ ጫልቱ እጄን ያዙት።

«ቆይ ቆይ! ብፌ እንዲህ አይቆሽሽም።»

«እና እንዴት ነው የሚቆሽሸው?»

«እጅ የሚነካው እዚህ፣ በሩ ጠርዝ ላይ ነው። እግሩን የመወልወያ ውሃ ይረጨዋል። ይሄ ጥግ ደግሞ ጨርቅ አይደርስበትም፤ አርባ ዓመት ስወለውል አልደረሰልኝም! መሀሉን ተወው። መሀሉን እንግዳ ያየዋል፣ ሁሌ ይጠረጋል።»

እሳቸው እያሳዩ፣ እኔ እየቀባሁና በንጹህ ጨርቅ እየጠረግኩ፣ ከሰበታ ያመጣሁትንም እጀታ ገጥሜ ሳይመሽ ጨረስን። ስንስቅ ነው የዋልነው። እንደዚያ ከሳቅን ስንት ቀናችን ነበር!

በማግስቱ ሂሩት መጣች። ብፌውን ዞረችው። ጎንበስ ብላ ጥጉን በጣቷ ነካችው... አንድ ቃል ሳልተነፍስ አዴ ጫልቱ ቀደሙኝ። መዋሸት አይሆንላቸውም።

«የኔ ልጅ፣ እውነቱን ልንገርሽ። እኔስ ንጹህ አድርጌ አጥቤልሽ ነበር። ትናንት ቁጭ ብለን ነው መልሰን ያቆሸሽነው!»

አለቀልኝ አልኩ። የድሮ አለቃዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

ሂሩት እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች... ከዚያ ብፌውን ተደግፋ እስኪያማት ሳቀች።

«የእናቴም ብፌ ልክ እዚህ ጥግ ላይ ነው የሚጠቁረው! ስትፈትገው ኖራ አቅቷት ነው የተወችው። በሉ እማማ፣ ስድስት ወንበር አለኝ፤ እነሱንም እርስዎ ያቆሽሹልኝ።»

አዴ ጫልቱ ወደ እኔ ዞር አሉና «ይቺ ልጅ ደህና ናት?» አሉኝ በሹክሹክታ። እኔ በደስታ እጃቸውን ስቤ ሳምኩት።

ብፌውን አንስተን መኪናው ላይ ስንሰቅል፣ ኦቦ ደበላ በከዘራቸው ተደግፈው መጡ።

«ለአሮጌ እንዲህ የምትሻሙ ከሆነ... በነካ እጃችሁ እኔንም ጫኑኝ።»