የእትዬ ሳሙና አፍንጫ

ሰፈርተኛው ሁሉ «እትዬ ሳሙና» ነው የሚላት፤ በስሟ የሚጠራት ባሏ ብቻ ነው፣ እሱም ሲቆጣ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጓሮዋ ባለች ጠባብ ክፍል ዘይት እያሞቀች፣ ኮስቲክ ሶዳ በውሃ እየበጠበጠች፣ በእንጨት ሣጥን ውስጥ እያፈሰሰች ሳሙና ስትሠራ ኖራለች። ሚዛንም የሙቀት መለኪያም አላት፤ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን አፍንጫዋ ነበር። የዘይቱን ጀሪካን ከፈት አድርጋ አንድ ጊዜ ከሳበች፣ ሊበላሽ ስንት ቀን እንደቀረው ትነግርሃለች።

ታዲያ አንድ ጊዜ ኃይለኛ ጉንፋን ጣላት። ሳምንት ተኝታ ተነሳች። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ሳሉም ተዋት፤ ሽታ ግን እንደወጣ ቀረ። «ታፍኜ ነው፣ ይከፈታል» ብላ ጠበቀች። አየሩ ወለል ብሎ ይገባል፣ ይወጣል፤ ይዞት የሚመጣ ነገር የለም። ምግቡ ሁሉ እርጥብ ወረቀት የማኘክ ያህል ሆነባት። ለማንም አልተናገረችም። በአፍንጫው የሚተዳደር ሰው «አፍንጫዬ ጠፋ» ብሎ ለማን ይናገራል? ብቻ የሽቶውን ዘይት በግምት ጠብ ታደርግ ጀመር። ግምቱ እየበዛ ሄዶ አንዲት የቆየች ደንበኛዋ ሳሙናውን ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ምነው? በዚህ ታጥቤ ቀኑን ሙሉ ራሴን ሲፈልጠኝ ዋለ።»

«አዲስ ዓይነት ነው» አለች እትዬ ሳሙና፣ አንገቷን ደፍታ።

ምስጢሩን ያወጣው ምድጃው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በመስኮት የገባ ነፋስ የጋዙን እሳት እፍ ብሎ አጠፋው። እሷ ከምድጃው ሁለት እርምጃ ርቃ ሳሙና ትቆርጣለች። ባሏ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ እሱም በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የአንድ የእጅ ሰዓት ሆድ ዕቃ ዘርግፏል። ልጃቸው ልትጠይቃቸው መጥታ በሩን ስትከፍት ጩኸቷን ለቀቀችው።

«እማዬ! ጋዙ! ኧረ ቤቱ በጋዝ ተሞልቷል!»

ሲሊንደሩን ዘግታ፣ መስኮቶቹን ብርግድ አድርጋ፣ ሁለቱንም እየጎተተች ደጅ አወጣቻቸው።

«እንዴት አይሸታችሁም?»

የእናትየው እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም አይሸተኝም፣ ልጄ። ሦስት ወር ሆነኝ።»

«አንተስ፣ አባዬ?»

«እኔማ ሥራ ይዤ…» አለ ሰዓት ጠጋኙ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ።

በማግስቱ ባልና ሚስት የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሟ ልጃቸውን የምታክል ወጣት ናት፤ ግን አትቸኩልም። መቼ ጀመረዎት? ቀስ በቀስ ነው ወይስ በአንዴ? ጭንቅላትዎን ተመትተው ያውቃሉ? የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ጨውና ስኳር ምላስዎ ላይ ይለያሉ? ጠይቃ ጠይቃ ስትጨርስ፣ ጫፉ የሚያበራ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዋ አስገብታ ተመለከተች።

«ውስጡ ንጹሕ ነው፣ እናቴ። የበቀለ ሥጋም፣ የተዘጋም ነገር የለም። አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ።»

አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ በጣቷ አስዘግታ ትንንሽ ጠርሙሶች በየተራ አስጠጋችላት። የመጀመሪያው ምንም። ሁለተኛው ምንም። አምስተኛው ላይ እትዬ ሳሙና ዓይኗን ገለጠች።

«ዶክተር፣ ውሃ ነው እንዴ የሞላሽበት?» ብላ ጠርሙሱን ነጥቃ ለባሏ ሰጠችው። «እስኪ አንተ አሽትተው።»

ሰዓት ጠጋኙ በረጅሙ ሳበ። «ልክ ነሽ። ውሃ ነው» አለ።

«አላልኩሽም!»

ሐኪሟ ተቀብላ አሸተተች። ቅርንፉድ ነው፤ ከበር ማዶ ያለ ሰው የሚያስነጥስ ቅርንፉድ። ሌላ ከፍታ ለሰውየው አስጠጋችለት። «ይሄስ፣ አባቴ?»

እሱ ሚስቱን አየ፣ ጠርሙሱን አየ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አሽከረከረ።

«በእኔ አትድከሚ፣ ልጄ። ከተወለድኩ አሽትቼ አላውቅም።»

ሐኪሟ በእጇ የያዘችውን ጠርሙስ መክደን ረሳች።

«ምን አልክ?» አለች እትዬ ሳሙና።

«አፍሬ ነዋ። ልጅ ሆኜ ሌሎቹ ሸተተ ሲሉ እኔም ሸተተ እላለሁ። ሰው ለወጉ የሚለው ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሲገባኝ ደግሞ ሳሙና ሠሪ ወድጄ ቁጭ!»

«በየሳምንቱ ‹የሳሙናሽ ሽታ እየጎተተኝ› እያልክ ልትገዛ ስትመጣ የነበረውስ?»

«ታዲያ ሌላ ምን ብዬ ልምጣ? ቤቴ እኮ ሳሙና ማስቀመጫ ጠፍቶ ነበር።»

ሐኪሟ ሳቋን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረች። እትዬ ሳሙና ልትቆጣው አፏን ስትከፍት ሳቅ ቀደማት፣ ከሳቁ ጋር እንባ። እጁን ያዘችው።

«ይህን ሁሉ ዓመት ብቻህን ይዘኸው?»

ሐኪሟ ነገሩን አልሸፋፈነችላቸውም። የእሱ አብሮት የተፈጠረ ነው፤ መድኃኒት የለውም። የእሷ ግን ጉንፋኑ የማሽተቻ ነርቮቿን ጎድቶባት ነው። ብዙ ሰው ላይ ቀስ እያለ ይመለሳል፣ የማይመለስለትም አለ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃና በጨው አፍንጫዋን እንድታጥብ ነገረቻት። ዋናው ሕክምና ግን ልምምድ ነው፤ ሎሚ፣ ጽጌረዳ፣ ቅርንፉድና ባሕር ዛፍ፣ ጠዋትና ማታ፣ እያንዳንዱን ሃያ ሰከንድ፣ ሽታውን በሐሳቧ እያስታወሰች። «ባይሸትዎትም አያቋርጡ። ወራት ይፈጃል።»

ሃያ ሰከንድ የሚቆጥር ሰው ከተፈለገማ በዚያ ቤት አልጠፋም። ጠዋት ጠዋት እሷ ጠርሙስ ይዛ፣ እሱ ሰዓት ይዞ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ዕድሜ ልኩን የኖረበትንም ዘዴ አስተማራት፤ ምድጃው በጠፋ ቁጥር ጋዙን ከሲሊንደሩ መዝጋት፣ ወተቱ ላይ ቀን መጻፍ፣ በዓይን የማይታወቀውን ደግሞ ሳያፍሩ ሰው መጠየቅ። መጠየቁን እንኳ እሱም ገና አሁን መጀመሩ ነው። ልጃቸው ጋዝና ጭስ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ ገጠመችላቸው። ራሷን ያመማት ደንበኛ ደግሞ የሳሙናው ቀማሽ፣ ማለት አሽታች ሆና ተሾመች።

ልምምዱ በተጀመረ በአራተኛው ወር ጽጌረዳው የተቃጠለ ጎማ ሸተታት። ጠርሙሱን ወርውራ አለቀሰች። ሐኪሟ ግን በስልክ «እሰይ!» አለቻት። «የተጎዳ ነርቭ ሲያገግም አንዳንዴ ሽታ ያዛባል፣ እናቴ። ጥሩ ምልክት ነው፤ ይግፉበት።»

በሰባተኛው ወር አንድ ጠዋት ሎሚው ላይ አጎንብሳ ሳለ ክር የምታህል ነገር ገባች።

«ቆይ!» አለች።

«አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት…»

«ቆይ አልኩህ! ሎሚ ነው!»

ሰዓቱን አስቀመጠ። «ምን ይመስላል?» አላት፤ ከዚያ በፊት ማንንም ጠይቆ የማያውቀውን።

ብዙ አሰበች። «ጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ ፊትህን ስትረጭ ክው የምትለው አለ አይደል? እሱ ነው።»

«ቅርንፉድስ?»

«ከብርድ ገብተህ ወፍራም ብርድ ልብስ ስትደርብ።»

«እኔስ?»

አንገቱ ሥር ገብታ ሳበች። «አንተ ገና አልመጣህልኝም» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ከአራቱ ጠርሙሶች ቀጥሎ አንገቱን አምስተኛ አድርጎ ያቀርብላት ጀመር፣ ሃያ ሰከንዱንም ራሱ እየቆጠረ። ዓመት ሲሞላ ሽታ በግማሽ ያህል ተመልሶላታል። ጽጌረዳው አልተቃናም፤ የጽጌረዳ ሳሙና መሥራት ትታለች። አንገቱ ግን መጣላት። ምን እንደሚሸት ልጃቸው አጥብቃ ብትጠይቅም፣ እትዬ ሳሙና ለባሏ ብቻ በጆሮው ነገረችው።